አባቴ በፍልስፍና ነው የሞተው

የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ ሌላውን ሰው አፍንጫውን ያስይዘዋል፤ እኔን ግን ጉሮሮዬን ነው የሚይዘኝ። ባለፈው ሰኔ የወንድሜን ሙት ዓመት ዘክረን ከአንኮበር ስመለስ፣ ጎረቤላ ላይ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት አንድ ጥቅል ባና ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ባና ለማያውቅ፣ ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሠራ፣ አንገት የሚፍቅ፣ ግን የኛን አገር ብርድ የሚችል ብርድ ልብስ ነው። ዝናብ አግኝቶት ኖሮ መኪናው በሰው ትንፋሽ ሲሞቅ ሽታው ተነሣ። መስኮቱን ታግዬ ስከፍተው ረዳቱ «አባት፣ ብርድ አስገቡብን፣ ይዝጉት» ብሎ ተቆጣኝ። ሴትየዋ በዚህ ጊዜ ዞር ብላ ፊቴን ስታጠና ቆየችና «ይቅርታ፣ መምህር ጌታሁን አይደሉም?» አለችኝ። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። ዕድሜ ልኩን ያስተማረ ሰው እንዲህ ሲባል ልቡ ሞቅ ይለዋል፤ እኔም ፈገግ ብዬ «ነኝ፤ ተማሪዬ ነበርሽ?» አልኳት።

«አይደለሁም። ብዙነሽ እባላለሁ። የደምሴ ልጅ ነኝ፤ የጠጉር ነዳፊው የደምሴ።»

ፈገግታዬን የት እንዳደረስኩት አላውቅም። እሷ ያልሰማኋት መስሏት ሳይሆን አይቀርም፣ ጠጋ ብላ ቀጠለች። «ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ፍልስፍና የሚባል ትምህርት ደርሷት፣ በስልክ ‹እማ፣ ፍልስፍና ምንድን ነው?› ብላ ቀለደችብኝ። እኔም ‹አያትሽ የሞተው በፍልስፍና ነው› አልኳት።» ሰው በወባ ሞተ፣ በኩላሊት ሞተ እንደሚባለው አድርጋ ነው የተናገረችው። «ልጅቷ ደነገጠች። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የምላት የለኝም። ጥያቄ ጠይቆ ነው የተወሰደው ይላሉ፤ ምን ጠይቆ እንደሆነ የሚነግረኝ ግን አጣሁ። ያን ጊዜ ያስተምሩ የነበሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እባክዎ መምህር፣ አባቴ የጠየቀው ምን ነበር?»

ጥያቄውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጸሎት የማስታጉልበት ቀን አለ፣ ያን ጥያቄ ሳላስበው የዋልኩበት ቀን ግን ያለ አይመስለኝም። ከጥያቄው ጋር ግን ሌላ የማውቀው ነገር አለ፤ ለማንም፣ ለሟች ባለቤቴ እንኳ፣ ተናግሬው አላውቅም። ስለዚህ «መኪና ውስጥ አይሆንም፤ ቅዳሜ ቤቴ ነይ» አልኳት። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ባናውን እንዳልነካው ጉልበቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

ያኔ፣ ደምሴ በተወሰደበት ዘመን፣ ደብረ ብርሃን ትንሽ ነበረች። ዛሬ የፋብሪካ አጥር የሚታይበት ሜዳ ገብስ ይዘራበት ነበር። ባጃጅ ማን አየ፤ ጋሪ ነው የነበረው፣ ፈረሱ በጠዋት ከአፍንጫው ጭስ እየለቀቀ ይመጣና ቆሞ ይጠብቅሃል። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ዳቦ አምስት ሳንቲም፣ ያውም አንዱ ቁራሽ ለሁለት የሚበቃ። ከሥላሴ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ጥግ አንዲት እናት ትኩስ ቆሎ ይሸጡ ነበር፤ በስሙኒ ሁለቱንም የካፖርት ኪስ ይሞሉልህና እጅህን ከትተህ እየሞቅህ ትሄዳለህ። እኔ የመጀመሪያ ደመወዜን የከሰከስኩት መሬት በሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ላይ ነበር። ዓመት ሳልለብሰው ካኪ መጣ፤ መምህሩም ሸማኔውም ካኪ ሆነ፣ ሱሪዬን እናቴ ቀዳ የትራስ ልብስ አደረገችው። ራዲዮ ያለው ሻይ ቤት አንድ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት እግርህን ሳትፈልግ የሚያስነሣ ማርሽ ይለቃል፤ ከሰዓት ደግሞ አንዲት ሴት በክራር የሄደባትን ሰው ትጠራለች፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሰው ዝም ብሎ ይሰማታል። አሁን ሳስበው የማርሹን ዜማ አስታውሳለሁ፤ የሴትየዋ ግን ጠፍቶብኛል።

እኔ በዚያ ዘመን የምታወቀው በእጅ ጽሕፈቴ ነበር። አያቴ አንኮበር ላይ ብራና የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ፊደል ያስቆጠሩኝ መቃ ብዕር አስይዘው ነው፤ የፊደሉ አንገት ከጠመመ በብዕሩ ጀርባ ጣቴን ይሉኝ ነበር። ሁለት ቀለም ነበራቸው፣ ጥቁርና ቀይ። በጥቁሩ ሁሉም ይጻፋል፤ በቀዩ የሚጻፈው የአምላክ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም፣ አንዳንዴም መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም ነው። «ቀይ ቀለም ለክብር ነው» ይሉኝ ነበር፤ «በቀይ የተጻፈ ስም ሲነበብ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።» ብራናውን እኔ አልወረስኩም፤ ዘመኑ አልነበረም። የወረስኩት ልማዱን ነው። ያ ልማድ ሰው እንደሚያስገድል ግን አያቴም አያውቁም ነበር።

ከባና ሠሪዎቹ ማኅበር ጋር ያገናኘኝም ይኸው ጽሕፈቴ ነው። ማኅበሩ ሰላሳ ያህል ሰዎች ነበሩት። ሴቶቹ ጠጉር ያጥባሉ፣ ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ይነድፋሉ፣ ይሠራሉ። የሚውሉበት ቆርቆሮ ቤት ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ ሞባይል የሚሸጥበት ሕንፃ ቆሟል። በዚያ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማኅበሩ ሰኞ ሰኞ ከሰዓት ውይይት ግዴታ ነበር፤ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። ሰብሳቢው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ የሚቀመጥ ሰው ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣ በስቴንስል የተባዛ ስስ ጥራዝ ሰጠኝና «ጓድ መምህር፣ ፍልስፍና ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ለሠራተኛው ታስረዳልኛለህ። አንተው ትናገራለህ፣ ቃለ ጉባኤውንም አንተው ትጽፋለህ» አለኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ደስ አለኝ። ዛሬ ያን ደስታዬን ሳስታውሰው ፊቴ ይቀላል።

ጥራዙን ሦስት ቀን አጠናሁት። ሰኞ ቆርቆሮ ቤቱ ገብቼ በጠጉር ጆንያ ላይ ለተቀመጡት ሰዎች የነገርኳቸውን ዛሬም መድገም እችላለሁ፤ ካስተማርኩት ትምህርት ሁሉ እንደዚያ የተሳካልኝ የለም። «ፍልስፍና ቃሉ የግሪክ ነው፤ ጥበብን መውደድ ማለት ነው። ጥበበኛ መሆን ማለት አይደለም፣ ልብ በሉ፤ መውደድ ብቻ ነው። ያለችው ሰው አይፈልጋትም፤ እንደሌለችው ያወቀ ነው የሚፈልጋት» አልኩ። ከዚያ አጀማመሩን ነገርኳቸው። በግሪኮች አገር፣ በባሕር ጠረፍ፣ ከየአገሩ ነጋዴ የሚገናኝበት ገበያ ነበር። ነጎድጓድ ሲያጓራ አንዱ የኛ አምላክ ተቆጣ ይላል፣ ሌላው የለም የኛ ነው ይላል፤ ሁለቱም ከአባቴ ነው የሰማሁት ይላሉ። በዚህ መሃል አንድ ሰው «አባቶቻችን የተለያየ ነገር ከነገሩን እውነቱን በምን እንለያለን?» አለ። «ፍልስፍና የተወለደችው ያን ጊዜ ነው» አልኩ። ግብፆችም ሕንዶችም ቀድመው ጠይቀዋል የሚሉ እንዳሉ፣ በኛም አገር በየገዳሙ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ እንደኖረ ኋላ ነው ያወቅሁት። የኔ ጥራዝ ከግሪክ ነበር የሚጀምረው።

«የመጀመሪያው ፈላስፋ የሁሉ ነገር መነሻ ውሃ ነው አለ» ብዬ ቀጠልኩ። «የሱ ተከታይ ደግሞ የለም፣ አየር ነው አለ። አየር ሲሳሳ እሳት ይሆናል፣ ሲጠብቅ ውሃ፣ ይበልጥ ሲጠብቅ አፈርና ድንጋይ ይሆናል አለ።» ሰው ሳቀ። ድንጋይ ከአየር! ከኋላ ግን አንድ ሰው አልሳቀም። ጋሼ ደምሴ ነው፤ የመንደፊያ ደጋኑን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ቅንድቡና ሪዙ ላይ ሁልጊዜ ብናኝ ጠጉር ስለሚያርፍበት በሰላሳ አምስት ዓመቱ የሸበተ ይመስል ነበር። ማንበብ አያውቅም፤ መሠረተ ትምህርት ገና መጀመሩ ነው። «ሰውየው ልክ ነው» አለ። «እኔ አንድ ክምር ጠጉር ስነድፍ ቤቱን ሞልቶ ሰው አላስቀምጥ ይላል። ምን ጨመርኩበት? ነፋስ ብቻ። ሴቶቹ ደግሞ ፈትለው፣ ተሠርቶ፣ በሙቅ ውሃ ሲረገጥ ነፋሱ ይወጣና ባና ይሆናል፤ ዝናብ አያስገባም። ነፋስ ሲጠብቅ ምን እንደሚሆንማ የምናውቀው እኛ ነን።» ሳቁ ቆመ። እኔ ጥራዙን ሸምድጄ ነበር የመጣሁት። ጥራዙ ውስጥ ያለውን እሱ በእጁ ይሠራው ነበር።

ከዚያ ወደ አንድ የግሪክ ሽማግሌ ፈላስፋ መጣሁ። ባዶ እግሩን በገበያ እየዞረ ሰውን በጥያቄ የሚያስጨንቅ ሽማግሌ ነበር። ጦር መሪውን ጀግንነት ምንድን ነው ይለዋል፣ ዳኛውን ፍትሕ ምንድን ነው ይለዋል፤ ሁሉም ያውቁት የነበረው ነገር ሲጠየቁ ይጠፋባቸዋል። በመጨረሻ ወጣቱን ታበላሻለህ ብለው ከሰሱት፤ መርዝ አጠጥተው ገደሉት። ይህን ስናገር ድምፄን አሳዝኜ፣ እጄን ዘርግቼ ነበር። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«መምህር» አለ ጋሼ ደምሴ፣ «ሽማግሌውን የገደለው ማን ነው? ንጉሥ ነው?»

«ንጉሥ አልነበራቸውም። የከተማው ሰዎች ተሰብስበው ነው የፈረዱበት።»

«ተሰብስበው? እንደኛ?»

«አዎ፣ ድምፅ ሰጥተው» አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ርዕስ ይለውጥ ነበር፤ እኔ ትምህርቱ ጥሞኝ ነበር።

«እንግዲያው የኔ ጥያቄ ይህ ነው» አለ። ደጋኑን ከጉልበቱ አንሥቶ መሬት አስቀመጠው፣ አስታውሳለሁ። «ይሙት ተብሎ እጅ ሲወጣ እጁን ሳያወጣ የቀረ አንድ ሰው እንኳ ነበር? ከነበረ ያ ሰው ቤቱ ገብቶ ለልጆቹ ምን አላቸው? ካልነበረስ፣ እነዚያ ሁሉ ምን አሏቸው?»

የሴቶቹ እንዝርት ቆመ። በዚያ ወቅት እኛም በየስብሰባው እጅ እናወጣ ነበር፤ አንድ ሰው መሃል ላይ ይቆማል፣ ጥፋቱ ይነበባል፣ እጅ ይወጣል፣ ሰውየው አይመለስም። ይህን እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሰብሳቢው የካፖርቱን ቁልፍ እየነካካ እኔን አየኝ። «ጥራዙ አይልም» አልኩ። ስብሰባው በዚያው አበቃ።

ሰው ስህተቱን በድንጋጤ ሲሠራው ምክንያት አለው። እኔ የሠራሁት በማግሥቱ ነው፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ መስኮት አጠገብ፣ በጥሩ ብርሃን። ቃለ ጉባኤውን በንጹሕ ወረቀት እየገለበጥኩ ነበር። የሌሎቹን ተራ ጥያቄ «አንድ ተሳታፊ» እያልኩ አለፍኩት። የጋሼ ደምሴ ዘንድ ስደርስ እጄ ቆመ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕይወት ዘመኔ አንድ ቀን እንኳ ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ይህን የመሰለ ነገር «አንድ ተሳታፊ» ተብሎ ሊጠፋ ነው? ተነሥቼ ከሣጥኔ ቀዩን ቀለም አወጣሁ። ስሙን ከነአባቱ፣ በአያቴ ልክ፣ አንገቱ በቀና ፊደል በቀይ ጻፍኩት፤ ጥያቄውን ከሥር በጥቁር። ሲደርቅ ከፍ አድርጌ አየሁት፣ አምሮልኝም ነበር። እግዚአብሔር ይፍታኝ፣ አክብሬው ነው። ይህን የሚያምነኝ ሰው ባገኝ ብዬ ስመኝ ነው የኖርኩት።

በሁለተኛው ሰኞ ቆርቆሮ ቤቱ ስገባ ከሰብሳቢው ጋር ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው የኔን ወረቀት አንሥቶ ለሁሉም አሳየ። ማንበብ የማይችሉት እንኳ ቀዩን ያዩታል። «ጓድ መምህር ጌታሁን ንቁ ታጋይ ነው» አለ። «ሌላውን በጥቁር፣ ጠላትን በቀይ ለይቶ ጽፎ አምጥቶልናል።» ለነዚያ ሰዎች ቀይ ምልክት ማድረግ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ፤ ጋሼ ደምሴም ዞረ። አይደለም ማለት ነበረብኝ። በኛ ቤት በቀይ የሚጻፈው የተከበረ ስም ነው፣ ሰውየውን አክብሬው ነው ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ነበር፤ አላልኩም። ሰብሳቢው አመሰገነኝ፣ እኔም ምስጋናውን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ጋሼ ደምሴን መሃል አቆሙት። ጥያቄው ተነበበ፤ የሕዝብን ስብሰባ ገዳይ ብሎ መሳደብ ነው ተባለ። «እርምጃ ይወሰድበት የምትሉ?» አለ ሰብሳቢው። ከዚያ አንድ እጅ ወጣ። ሌላው ተከተለ፤ የሴቶቹ ከነጠላቸው ሥር ወጣ፣ አብረውት ደጋን ሲወጥሩ የኖሩት ሰዎች እጅ ወጣ። ሁሉም ሲወጣ ቤቱ ውስጥ ካለ እጅ ያልተነሣው የሱ ብቻ ነበር። ዙሪያውን በቀስታ አየና እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። አልተቆጣም። «መምህር» አለኝ፣ «ጥራዙ አይልም ያሉኝን አገኘሁት።» ያን ቀን ወደ ቤቱ እንዲሄድ ተዉት። በማግሥቱ ጠዋት ቤቱ መጥተው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሚስቱ ልጇን ይዛ ወደ ዘመዶቿ፣ ወደ አንኮበር ቆላ ወረደች። እኔ በዓመቱ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆንኩ።

ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ሰብሳቢውም ማኅበሩም ካኪውም ከጠፉ በኋላ፣ ስለዚያ ሽማግሌ በደንብ የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ እጄ ገባ። የግሪኮቹ ስብሰባ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ሲጠየቅ፣ አይደለም ያሉት ሰዎች ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት ነበር የቀራቸው። መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። ጋሼ ደምሴ የጠየቀው መልስ ነበረው፤ እኔ ስላላነበብኩ ነው እንጂ ነበረው። ጥራዙ አይልም በማለት ፈንታ፣ ብዙ ነበሩ ብዬ ብነግረው፣ ከሴቶቹ አንዷ ያን ሰኞ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ታስቀረው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ወይ እኔ። ጡረታ ስወጣ ልጆቹ ካባ ሲያለብሱኝ፣ ስለ ትምህርት ፍቅሬ ሲናገሩ፣ ይህ ነበር በልቤ የነበረው።

ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ አራቱን ቀን እንቅልፍም ምግብም አልሆነልኝም። የደብረ ብርሃን ሰኔ እንደምታውቁት ነው፤ ጭጋጉ በር ድረስ ይመጣል። ልጄ ከአዲስ አበባ ደውሎ መንገዱ ሰላም ነው ወይ አለኝ፤ ተዘግቶ የነበረው መንገድ የተከፈተ ሰሞን ስለነበር ሰላም ነው አልኩት። ሽማግሌ ነኝ፣ ረሳሁት ማለት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ጥያቄውን ብቻ ነግሬያት፣ መጻፉን ሰብሳቢው ላይ ማላከክም እችላለሁ፤ ሞቷል፣ አይሟገተኝም። ዓርብ ዕለት ይህን ቆርጬ ነበር።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት መጣች። ዝናብ አብሯት ገባ። ያንኑ ባና ይዛ ነበር። «እኔው የሠራሁት ነው፤ ባዶ እጄን አልመጣም ብዬ» ብላ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሽታው ቤቱን ሞላው። ከምን ልጀምር እያልኩ ሳለ ቀድማ እሷ ጀመረች።

«ሲወስዱት ነበርኩ» አለች። «ሰባት ዓመቴ ነው፣ አንደኛ ክፍል። ሦስት ሰዎች መጡና ወረቀት አሳዩት። ‹ይህ ያንተ ቃል ነው?› አሉት። አባዬ ማንበብ አይችልም፤ ‹ብዙዬ፣ ነይ አንብቢልኝ› አለኝ። ያን ቀን የተሰማኝ ኩራት! እኔ ለአባዬ ሳነብለት። ስሙ በቀይ ነበር የተጻፈው። ትምህርት ቤት አንደኛ የወጣውን ልጅ ስም መምህራችን በቀይ ስለሚጽፍ ‹አባዬ፣ አንደኛ ወጥተሃል!› አልኩት። ሳቀ። በጣቴ እየተከተልኩ ስሙን አነበብኩ፤ ከሥሩ ያለውን ስጀምር፣ ‹ሽማግሌው› የሚለው ላይ እንደ ደረስኩ፣ አንዱ ሰውዬ ነጠቀኝ። አባዬ ‹የኔ ቃል ነው፤ ተዉ፣ ልጂቱን አታስደንግጡ› አላቸውና ሄደ። እኔ መምህር፣ እስከ ዛሬ ቀሪውን ሳነብ ነው የማድረው። በሕልሜ አነበዋለሁ፤ ስነቃ የለም። ቀሪውን ነው ይንገሩኝ ያልኩዎት።»

ዓርብ ዕለት የቆረጥኩት ነገር እዚያው ተነነ። ነገርኳት፤ ቆርቆሮ ቤቱን፣ ስለ ነፋስና ስለ ጠጉር የተናገረውን፣ ሽማግሌውን፣ ከዚያ ጥያቄውን ቃል በቃል፣ በሁለተኛው ሰኞ እጅ እንደወጣበትም። ስለ ነፋሱ ስነግራት ባናዋን ዳሰሰች፤ ስለ ጥያቄው ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች። ሲያልቅ «ለልጄ ይጻፉልኝ» አለች። «እኔ ስነግራት ይበላሽብኛል። ስሙንም ይጻፉበት።»

ተነሥቼ ወረቀትና ሁለት እስክሪብቶ ይዤ መጣሁ። መጀመሪያ ያነሣሁት ጥቁሩን ነበር። በጥቁር ጽፌ መስጠት እችል ነበር፤ ፊደሌ እንደሆነ ከዕድሜዬ ጋር ተለውጧል፣ ማንም አያውቀውም። መልሼ አስቀመጥኩትና ቀዩን አነሣሁ። «ደምሴ ወልደጻድቅ» ብዬ በቀይ፣ አንገቱን አቅንቼ፣ ከላይ ጻፍኩ። ከሥር በጥቁር፣ «ሽማግሌው ይሙት ተብሎ እጅ ሲወጣ፣ እጁን ሳያወጣ የቀረ አንድ ሰው እንኳ ነበር ወይ? ከነበረ ያ ሰው ቤቱ ገብቶ ለልጆቹ ምን አላቸው? ካልነበረስ፣ እነዚያ ሁሉ ምን አሏቸው? ሲሉ ጠየቁ» ብዬ ጨረስኩ።

ወረቀቱን ተቀብላ ልክ እንደ ተማሪ ጣቷን ስሙ ላይ አሳረፈች። አነበበች። «ሽማግሌው» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ማንም አልነጠቃትም። እስከ መጨረሻው ድምፅ አውጥታ አነበበችው። ከዚያ ተመልሳ ቀዩን አየችው፣ ረጅም ጊዜ። ወደኔ ቀና ስትል የያኔውንም ወረቀት የጻፍኩት እኔ መሆኔን እንዳወቀች ገባኝ። ስለ አያቴ፣ ስለ ብራናው፣ ለክብር ነበር ስለማለት ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ነበረኝ፤ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«ያን ቀን እጁን ሳያወጣ የቀረ ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«እርስዎስ?»

ቃለ ጉባኤ ልጽፍ ስለተቀመጥኩ ያን ቀን እስክሪብቶ ይዤ ነበር፤ እጄ ከነእስክሪብቶው ነው የተነሣው። ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ አየሁት፤ አሁንም እስክሪብቶ እንደያዘ ነው።

«ከሁሉ ቀድሜ ነው ያወጣሁት» አልኳት።

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈችና ደረቷ ውስጥ አስገባችው። ያመጣችልኝን ባና ከወንበሩ ላይ መልሳ አነሣች። ዝናቡ ገና አላባራም ነበርና ትንሽ እንድትቆይ ለመንኳት፤ አልቆየችም።